ቪቫንኮ የወይን ጠጅ ባህል ሙዚየም፣ ብሪዮኔስ

በሰሜን ስፔን፣ በላ ሪዮኻ ግዛት በምትገኘው ትንሿ ብሪዮኔስ እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው ይህ ሙዚየም የወይን ጠጅን ታሪክ ከጠጪው ጽዋ ይልቅ በሠራተኛው እጅ በኩል ማስረዳቱ ከሁሉ በላይ አስደስቶኛል። በግዙፎቹ የእንጨት መጭመቂያዎች አጠገብ ለቆመ ሰው፣ ከባዱ ግንድ የወይኑን ፍሬ ተጭኖ ጭማቂውን እንዴት ያወጣ እንደነበር ያለ አስረጂ ግልጽ ይሆንለታል፤ የበርሜል፣ የጠርሙስና የቡሽ አሠራርም በዚሁ መንፈስ ቀርቧል። ከ3,000 በላይ የሆኑት የቡሽ መንቀያዎች ብዙዎችን ይማርካሉ፤ እኔ ግን ጊዜ ያጠረው ጎብኚ መጭመቂያዎቹን እንዲያስቀድም እመክራለሁ። በደጅ ያለው፣ በጥንት ሮማውያን የወይን ጠጅ አምላክ ስም የተጠራው የባኮስ የአትክልት ስፍራ ከ200 በላይ የወይን ዝርያዎችን ስለያዘ፣ ፍሬያቸውን እያነጻጸረ ለማየት ለሚሻ ሰው የመከሩ ወቅት፣ ማለትም መስከረምና ጥቅምት፣ እጅግ ተመራጭ ነው።