የልብ ምት ቆጥሮ «ደህና ነው» ማለት አይበቃም፦ የአዲስ አበባ የፔስሜከር ምርመራ

ከአሜሪካ ለእረፍት ገብተን ሁለት የግል የልብ ክሊኒኮች አይተናል። የተመረመረው ባለ ሦስት ሽቦ ፔስሜከር (በሰውነት ውስጥ ተቀብሮ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታ መሣሪያ) ነው፤ ለዘገየ ልብ ሳይሆን ለደከመ ልብ የሚገባው።

የመጀመሪያው ክሊኒክ መስተንግዶው ጥሩ ነው፤ ወረፋ የለም፣ ዋጋውም ቀድሞ ይነገራል። ምርመራው ግን ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በሞገድ የሚያሳይ ምርመራ) ብቻ ሆነ። የልብ ምት 70 ሲሆን «ማሽኑ ይሠራል» ተባለ። ልብ እንዳይዘገይ ብቻ ለሚገባው ለድሮው ዓይነት ይህ ትንሽም ቢሆን ይረዳል። የባለ ሦስቱ ሥራ ግን ቀኝና ግራው የልብ ክፍል እኩል እንዲጨመቁ ማድረግ ነው። በልብ ደም መላሽ ሥር አልፎ በግራ በኩል የሚቀመጠው ሦስተኛው ሽቦ ቢንሸራተት፣ የቀኙ ብቻውን 70 መምታቱን ይቀጥላል። የእጅ አንጓ በመዳሰስ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ቆይቶ እግር ሲያብጥና ትራስ ደርቦ መተኛት ሲመጣ ነው።

ሁለተኛው ክሊኒክ መጀመሪያ የጠየቀው የፔስሜከሩ ኩባንያ የተጻፈበትን ካርድ ነው። ሜድትሮኒክ የተባለውን ኩባንያ ፔስሜከር የሌላው ኩባንያ፣ የአቦት፣ ፕሮግራመር (ፔስሜከሩን ከውጭ የሚያነብና የሚያስተካክል ማሽን) አያነበውምና። ባለሙያዋ የባትሪውን ዕድሜ፣ የየሽቦውን የኤሌክትሪክ መቋቋም በኦም፣ ሁለቱ ክፍሎች አብረው የተመቱበትንም መቶኛ አነበቡ። መቶኛው 97 ነበር፤ ከ90 በታች ቢወርድ ምክንያቱ መፈለግ አለበት፣ ብዙ ጊዜም የላይኛው የልብ ክፍል መርበትበት ነው። ከዚያ የግራውን ሽቦ ቮልት ደረጃ በደረጃ ቀነሱ። ጠባቡ የኢሲጂ ሞገድ በስክሪኑ ላይ በአንዴ ሰፋ፤ ግራው መታዘዝ ያቆመበት ነጥብ ያ ነው። ቮልቱን ወዲያው መለሱት፣ ሌላውን ቅንብር ሳይነኩ ወረቀቱን አትመው ሰጡ። ልባዊ ምስጋናችን ይድረሳቸው!

ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ «የየትኛው ኩባንያ ፕሮግራመር አላችሁ?» በሉ፤ የመጨረሻውን ምርመራ ወረቀትም ያዙ። ሽቦ አልባው፣ በብሽሽት ደም ሥር ገብቶ ልብ ውስጥ የሚቀመጠው እንክብል መሰል ዓይነት፣ ደረት ላይ እብጠትም ጠባሳም ስለሌለው ካልተናገራችሁ ማንም አያውቀውም። ሽቦው በልብ የራሱ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ የተተከለላችሁ ደግሞ ባለ 12 መስመር ኢሲጂ ጠይቁ፤ ሽቦው መስመሩን መልቀቁ የሚለየው በሞገዱ ቅርጽ ነው።

የተከራየነው ቤት ንጹሕ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ግን ይነዝር ነበር። ኧርዝ ያልታሰረለት ምጣድ ለፔስሜከር አደገኛ ነው፦ ወደ ሰውነት የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የልብ ምት ነው ብሎ ይቆጥርና ራሱ መምታቱን ሊያቆም ይችላል። የቤቱ ባለቤት በማግስቱ ኤሌክትሪሺያን አምጥተው አሳሰሩት።