ጀጎልን ያለ አስጎብኚ፦ የሐረሩ የሀብት ፍለጋ ጨዋታ

በስቴፕለር የተያያዙ ጥቂት ገጾች፣ በእጅ የተሳለ ካርታ እና የታሸገ ፖስታ። ጨዋታው ይኸው ነው። ሐረር ያረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ ይሸጠዋል፤ ያዘጋጁት የከተማው ወጣቶች ናቸው። በግንብ ወደ ተከበበው አሮጌ ከተማ፣ ወደ ጀጎል፣ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች በአንዱ ትገባላችሁ፣ ጥያቄዎቹን እየተከተላችሁ ትሄዳላችሁ። የመልሶቹ የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ አንድ ስም ይወጣል፤ ትክክል መሆኑን የምታረጋግጡት ፖስታውን ከፍታችሁ ነው። ኢንተርኔት አያስፈልግም። ዋጋው ከአንድ ምሳ ያንሳል።

እኔ የሄድኩት የአሥራ አንድ ዓመቱን የወንድሜን ልጅ ይዤ ነው። ሙዚየም ሲባል ፊቱ የሚጠቁር ልጅ ነው። ጀጎል ውስጥ ግን ከፊቴ እየሮጠ ይመራኝ ነበር።

ጥያቄዎቹ ብዙ ስለሆኑ ሁለት ሦስቱን ብነግራችሁ ጨዋታው አይበላሽም። አንደኛው “ስሙን ከድምፅ ያገኘ መንገድ ፈልጉ” ይላል። ልጁ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ። የባጃጅ ጡሩምባ፣ የሻጭ ጥሪ፣ ከዚያ ከታች በኩል የስፌት መኪና ድምፅ። መኪና ግርግር! ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። አንዱ ሽማግሌ ወረቀታችንን አየና “አቦ ና፣ ቁጭ በል! መልሱን ከኔ አትጠይቅ፣ ራስህ ርገጠው” ብሎ ፔዳሉን አስረገጠው። እዚያ ብዙ ቆየን። ሻይም ታዘዘልን።

ሌላው ግድር መጋላ ሥጋ ተራ ላይ ነው፦ “እዚህ ሥጋ የገዛ ሰው ለምን ሽቅብ ያያል?” መልሱ ራሱ ከላይ ያንዣብባል። አሞሮቹ ወርደው ከሰው እጅ ሥጋ ይነጥቃሉ። ግንቡ ሥር ደግሞ ዝቅ ያለች ቀዳዳ ፈልጉና ማታ ማን እንደሚገባባት ጠይቁ ይላል። ልጁ ጅብ መሆኑን ሲሰማ እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘ፤ ግን “ሌላ ቀዳዳ የለም?” ማለቱን አልተወም።

የጨዋታው ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጥሩዎቹ ጥያቄዎች ሰላም ብላችሁ ሰው ካላናገራችሁ አይፈቱም። ለጎብኚ ክፍት በሆነ አንድ የሐረሪ ቤት ውስጥ፣ ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ለምን እንደሚቀመጥ ጠየቅን። የቤቱ እመቤት ነደባ በሚባለው ባለ አምስት ደረጃ መደብ ላይ አስቀምጠውን፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ቤቱ ውስጥ አለች ማለት እንደሆነ ነገሩን። ቀዩ ወለል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው አሉ። ልጁ እግሩን ሰበሰበ። በትምህርት ቤት መጽሐፍ አንብቦት ቢሆን እንዲህ የሚነካው አይመስለኝም።

ደካማ ጥያቄዎችም አሉ። “ጀጎል ውስጥ ስንት መስጊድ አለ?” ማለት የቃል ጥናት ነው። 82 መሆኑን ማንም ይነግራችኋል፤ እኛን የትም አላስኬደንም። ራምቦ ቤት ላይ ደግሞ ወረቀቱ ፈረንሳዊው ገጣሚ እዚህ ቤት ይኖር ነበር ይላል። አርተር ራምቦ ሐረር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፤ ይህ ባለ ቀለም መስታወት የእንጨት ቤት ግን እሱ ካለፈ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። ቤቱ በጣም ያምራል፤ ያለ እሱም ጥያቄ ይገባዋል።

ያስከፋኝ አንድ ነገር ነው። አንዱ ፍንጭ ሰው የሚኖርበት ግቢ ውስጥ ያስገባል። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ቤተሰቡም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። በር ላይ የቆመችው ወጣት በጨዋነት መለሰችን፤ በየቀኑ ግን እንግዳ ሲመጣባት ማን ይታገሳል? ጀጎል የሰው መኖሪያ ነው። ይህ ጥያቄ መውጣት አለበት።

መሄድ ካሰባችሁ በጠዋት ጀምሩ። ከሰዓት የጫት በርጫ ይጀመርና ሰዉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ የምትጠይቁት ታጣላችሁ። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ መስጊዶቹ አካባቢ አትሂዱ፣ ለሰጋጆች ቦታ ልቀቁ። ጫማችሁ የማያንሸራትት ይሁን፤ ድንጋዩ ለስላሳ ነው፣ ቅያሱም ቁልቁለት ይበዛዋል። ካርታው ርቀትን በደንብ ስለማያሳይ ብዙ አትመኑት። ጀጎል 48 ሄክታር ብቻ ስለሆነ ብትጠፉም መጨረሻችሁ ግንቡ ነው። ግንቡን ተከትሎ ወደ በር መመለስ ይቻላል።

አዘጋጆቹ እንደገና ሲያሳትሙ ስለ ሣር ስፌቶቹ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ደስ ይለኛል። በገባንበት ቤት ግድግዳውን የሞሉት እነሱ ናቸው፤ እመቤቲቱ አንዱን አውርደው የትኛውን እናታቸው እንደሰፉት፣ የትኛውን ራሳቸው ለሠርጋቸው እንደሰፉት አሳዩን። ወረቀቱ ላይ ግን ስለ ስፌት አንድ መስመር የለም።