ካባው ነጽቶ መጣ፣ ሽታውም አብሮ መጣ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ልብስ ለድራይ ክሊን የምሰጥበት አንድ ላውንደሪ አለ። ከእጥበቱ ልጀምር፤ እጃቸው ወርቅ ነው። የአባቴን ካባ ወስጄላቸው ነበር፤ ጥቁር ከፋይ፣ ዙሪያውን በወርቃማ ክር የተጠለፈ። ተቀባዩ ልጅ ዝም ብሎ ከረጢት ውስጥ አልከተተውም። ብርሃን ላይ ዘርግቶ ጥልፉን በጣቱ እየተከተለ አየው። አንዲት የላላች ክር ሲያገኝ አሳየኝና ደረሰኙ ላይ ጻፋት። ከዚያ የአንገቱን ማያያዣ በፎይል ጠቀለለና ካባውን ገለበጠው። ለሰው ንብረት እንዲህ የሚጠነቀቅ ቤት ብዙ አላየሁም። የባለቤቴ ሱፍም እንደ አዲስ ተተኩሶ ነው የመጣው። ዋጋቸው ከሌላው ይወደዳል፤ ግን ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። ሽታው። ፕላስቲኩን ስገልጠው ጣፈጥ ያለ፣ ራስ የሚያዞር ሽታ ቤቱን ሞላው። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝና አውቀዋለሁ፤ ፐርክሎሮኤቲሊን ነው፤ ድራይ ክሊን ቤት በውሃ ፋንታ ልብስ የሚያጥብበት ፈሳሽ ኬሚካል። ቅባትን ጠራርጎ ያወጣል፤ ዓለም ለብዙ ዓመት የተጠቀመበትም ለዚህ ነው። ልብሱ ላይ ከሸተተ ግን ሙሉ በሙሉ አልደረቀም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለሰው ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚላቸው ጋር መድቦታል። አሜሪካም በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2024 ባወጣችው ደንብ በ10 ዓመት ውስጥ ከድራይ ክሊን ቤቶች እንዲወጣ ወስናለች።

እኔ ካባውን በረንዳ ላይ ሰቅዬ አናፍሰዋለሁ። የላውንደሪው ሠራተኞች ልጆችስ? ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው። የደሴ ብርድ ደግሞ መስኮት አያስከፍትም፤ በተለይ ክረምት ላይ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ። የኬሚካሉ ትነት ከአየር ስድስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ከማሽኑ ሲያመልጥ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ይህን ለላውንደሪው ባለቤት ሳነሳባቸው፣ «ቲቸር፣ ካልሸተተ እኮ ደንበኛው አልታጠበም ይለኛል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኛ ደንበኞች ነን ሽታውን የንጽሕና ምልክት ያደረግነው።

የተሻለ መንገድ አለ፤ ለተማሪዎቼም ደስ እያለኝ የማስተምረው ነው። ለስላሳ ውስጥ የሚፍለቀለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪ በላይ ሞቆ ከ73 አትሞስፌር (በባሕር ጠለል ካለው የአየር ግፊት 73 እጥፍ) በላይ ሲታመቅ ጋዝም ፈሳሽም ያልሆነ ነገር ይሆናል። ሱፐርክሪቲካል ይባላል። እንደ ጋዝ በጠባቡ ቀዳዳ ሁሉ ይገባል፣ እንደ ፈሳሽ ቅባት ያሟሟል። ግፊቱ ሲቀንስ ተመልሶ ጋዝ ይሆናል። ቅባቱ ከታች ይቀራል፣ ጋዙ ተሰብስቦ እንደገና ይሠራል። ዕቃው ደርቆ ይወጣል። ፋብሪካዎች ጥቃቅን የብረት ክፍሎችንና የሕክምና ዕቃዎችን ያጸዱበታል። ለልብስ እስከዚያ ድረስ ማመቅ አያስፈልግም፤ 50 አትሞስፌር ገደማ ላይ፣ ያለ ብዙ ሙቀት፣ ፈሳሽ የሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበቃል። ብቻውን ግን ላብና አፈር አያስለቅቅም፤ እንደ ሳሙና የሚያግዘው ይፈልጋል። ለዚሁ ጋዝ የሚስማማ ሳሙና መሰል ነገር የሠራው ያኔ በአሜሪካው ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኬሚስት ጆሴፍ ዴሲሞን በፈረንጆቹ 1997 የአሜሪካን ፕሬዚዳንታዊ የአረንጓዴ ኬሚስትሪ ሽልማት አግኝቶበታል።

ጋዙ እኛ ጋ ብርቅ አይደለም። ኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ እርሾ ብቅሉን ሲያብላላ የሚወጣው ይኸው ነው። ችግሩ ማሽኑ ነው። ያን ግፊት የሚችል ወፍራም የብረት ታንክ በጣም ውድ ነው፤ የሚጠግነው ባለሙያም ይፈልጋል። በዝግ ክፍል ውስጥ ካመለጠም ያፍናል። ስለዚህ ነገውኑ ቀይሩ አልላቸውም።

የምጠይቃቸው ቀላል ነው። ከወለሉ አጠገብ አየር ወደ ውጭ የሚስብ ፋን ይግጠሙ። የኬሚካሉ በርሜል ይከደን። ማሽኑ የማድረቂያ ጊዜውን ሳይጨርስ አይከፈት። ይሄ የመጨረሻው በእኛም እጅ ነው፤ በጥር ሠርግ ሁሉም ሰው «ለነገ ይድረስልኝ» ይላል፣ ተቻኩሎ የወጣ ልብስ ነው አብዝቶ የሚሸተው። ቀደም ብላችሁ ስጧቸው፣ «አይቸኩልም፣ በደንብ ይድረቅ» በሏቸው።