ደሴዎች፣ «ባትሪው መቶ ነው» ሲሏችሁ ቆም በሉ

ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ የቤንዚን መኪናችሁን በኤሌክትሪክ ልትለውጡ ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ እኔ ተሸውጃለሁ። እናንተ እንዳትሸወዱ።

ቪትዝ ነበረችኝ። አሮጌ ናት፣ ግን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም። ያማረረኝ ቤንዚኑ ነው። ግማሽ ቀን ተሰልፌ «አልቋል» እባላለሁ፣ ከዚያ በሃይላንድ የሚሸጠውን በእጥፍ እገዛለሁ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሎ ወሬው ሁሉ ኤሌክትሪክ ሆነ። ቪትዟን ሰጥቼ፣ ብር ጨምሬ፣ ያገለገለ የቻይና ኤሌክትሪክ ወሰድኩ።

ሻጩ ዳሽቦርዱን አብርቶ «ያው 100 ይላል፣ ባትሪው አልተነካም» አለኝ። ደላላው «ወላሂ ንጹህ ናት» ብሎ ጨመረበት። አመንኩ።

የተበላሁት እዚህ ጋ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው 100 ቻርጁ መሙላቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ባትሪው ስንት እንደሚይዝ አይነግራችሁም። ስኒም ጢም ሲል ሙሉ ነው፣ ጀበናም ጢም ሲል ሙሉ ነው። ባትሪ ሲያረጅ ጀበናው እያነሰ እያነሰ ወደ ስኒ ይጠጋል። ዳሽቦርዱ ግን ያው 100 ነው የሚለው።

ያወቅኩት ደሴና ኮምቦልቻ መሃል ያለው የሐረጎ ዳገት ላይ ነው። ኮምቦልቻ ደርሼ ተመለስኩ፤ ደርሶ መልሱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ100 ወጥቼ ቤቴ ስገባ 71 ይላል። ዳገቱ እንደሚበላ አውቃለሁ። ግን አዲስ ሳለ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚይዝ ባትሪ ከ20 ፐርሰንት በላይ መሄድ አልነበረበትም። (በነገራችን ላይ፣ ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ ከደሴ ስትወርዱ መኪናው ቁልቁለቱን ወደ ቻርጅ አይቀይርላችሁም፤ ባትሪው ቦታ የለውማ። ፍሬን ላይ እንዳትዘናጉ።)

ኮምቦልቻ ያለ አንድ ልጅ ከመሪው ሥር ኦቢዲ የሚሉትን፣ የመኪናውን ኮምፒውተር አንብቦ ወደ ስልክ የሚልክ ትንሽዬ መሣሪያ ሰካና ስልኩን አሳየኝ። የባትሪው ጤና 61 ፐርሰንት፤ አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው 61 ፐርሰንቱን ብቻ ነው የሚይዘው ማለት ነው። ልጁም ዝም፣ እኔም ዝም።

ኦቢዲ ካላገኛችሁ ባትሪው 20 ላይ ሲደርስ ሰክታችሁ እስከ 100 ሙሉት፤ የገባውን ቻርጀሩ ላይ አንብቡ። የ60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ 48 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ መውሰድ አለበት። 30 ወስዶ «ሞላሁ» ካለ ተዉት። በቤት ተራ ሶኬት ይሄ ከ20 ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ይላችኋል። ይበል። የመኪናው የቻርጅ መሰኪያም ጂቢቲ የሚባለው የቻይናው ዓይነት ከሆነ ልትጠቀሙበት ካሰባችሁት ቻርጀር ጋር መግጠሙን እዩ።

ኤሌክትሪክ አትግዙ አላልኩም። ፒያሳ፣ ሸዋ በር፣ ቧንቧ ውሃ ስል ስውል መኪናዋ ትመቸኛለች፣ ቤንዚን ሰልፍም ረስቻለሁ። የሚቆጨኝ ለስኒ የጀበና ዋጋ መክፈሌ ነው።

ሻጩን ደውዬ ጠየቅኩት። «ውሉን አንብበው ወንድሜ» አለኝ። አነበብኩት። «መኪናውን አይቼና ፈትሼ ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» ይላል፣ ከሥሩ የኔ ፊርማ። እናንተ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የባትሪውን ጤና በቁጥር ውሉ ላይ አስጽፉ። አልጽፍም ካለ ቡናችሁን ጨርሳችሁ ተነሱ።