የአውሮፕላን ጥገና ማዘጋጃ ኮርስ፣ ፒያሳ ጎንደር፦ ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ የደመወዝ ገለጻው ይታረም

ከ12ኛ ክፍል በኋላ የአውሮፕላን ጥገና መማር ለሚፈልጉ ልጆች ፒያሳ አካባቢ የሚሰጠው የ6 ሳምንት ማዘጋጃ ኮርስ ትምህርትም ተስፋም ይሸጣል። ትምህርቱ ዋጋውን ያወጣል። ተስፋውን ግን ወላጅ ከመክፈሉ በፊት ይመርምረው።

ግድግዳው ላይ በትልቁ የተለጠፈው «75,020 ዶላር» የአሜሪካ ቁጥር ነው። የዚያው አገር የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ ለ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኞች መካከለኛ የዓመት ደመወዝ ሲሆን፣ ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች ያገኛሉ። የጀማሪ ደመወዝ አይደለም፤ ግብርም አልተቀነሰለትም፤ የአሜሪካ የሥራ ፈቃድ የሌለው ሰው አያገኘውም። በባንክ ምንዛሬ አባዝቶ ለአዘዞ ልጅ መንገር ማሳሳት ነው። ማስታወቂያው ላይ ይህን የሚገልጽ አንድ መስመር ይጨመር።

በዚህ ሙያ ደመወዝን የሚያሳድገው ፊርማ ነው። ፍሬን የቀየረው ልጅና «ሥራው በደንቡ ተሠርቷል፣ ይብረር» ብሎ የሚፈርመው ሰው እኩል አይከፈላቸውም፤ ተጠያቂነቱ በፈራሚው ላይ ነውና። ለመፈረም ላይሰንስ (የሙያ ፈቃድ) ያስፈልጋል። በአውሮፓው ሥርዓት ምድብ ኤ ቀላል የዕለት ሥራዎችን፣ ቢ1 ሞተሩንና የአውሮፕላኑን አካል፣ ቢ2 አቪዮኒክሱን (የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎቹን) ይይዛል። የየሞጁሉ (የየትምህርት ክፍሉ) ፈተና ማለፊያ 75 ከመቶ ነው። ለተርባይን ሞተር አውሮፕላን እውቅና ያለው የቢ1 ኮርስ የጨረሰ ሰው 2 ዓመት፣ ያለ ቴክኒክ ትምህርት የመጣ ደግሞ 5 ዓመት በሥራ ላይ ባሉ አውሮፕላኖች መሥራት አለበት። ከዚያ በኋላ ታይፕ ሬቲንግ (ለአንድ የአውሮፕላን ዓይነት የሚሰጥ ፈቃድ) አለ፤ የቦይንግ 737 ሬቲንግ ያለው ሰው በዚያ ብቻ ለ787 መፈረም አይችልም። በአሜሪካው ሥርዓት ዕድሜ 18 መሙላት፣ እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር ያስፈልጋል፤ እውቅና ካለው ትምህርት ቤት ያልወጣ ሰው ለኤርፍሬምና (ለአውሮፕላኑ አካል) ለፓወርፕላንት (ለሞተሩ) በአንድነት የ30 ወር ልምድ ያቀርባል።

ኮርሱ ፈጽሞ ያልነካው ነገር የልምድ መዝገቡ ነው፤ ትልቁ ጉድለቱም ይሄ ነው። ቀኑ፣ የአውሮፕላኑ መለያ፣ የተሠራው ሥራና በጥገና መመሪያው ያለው የምዕራፍ ቁጥር (የማረፊያ ጎማ 32፣ ሃይድሮሊክ 29፣ ፕሮፔለር 61) በዕለቱ ተጽፎ በተቆጣጣሪው መፈረም አለበት። ከዓመት በኋላ ተሰብስቦ ይጻፍ ቢባል ተቆጣጣሪው ተዛውሮ ይሆናል፤ ያልተፈረመ ወር ደግሞ አይቆጠርም።

አዘዞ፣ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚያርፈው ኪው400 የተባለ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ተሳፋሪ አውርዶና ጭኖ ይመለሳል፤ ከባዱ ጥገና የሚሠራው ቦሌ ባሉት ሃንጋሮች ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ደመወዝ ከአዲስ አበባ ቤት ኪራይ ጋር ይሰላ። የሌሊት ፈረቃም አለ። አሠሪ በራሱ ወጪ ሲያሠለጥን የአገልግሎት ግዴታ ካስፈረመ የዓመቱ ብዛት፣ ቢቋረጥ የሚመለሰው ገንዘብና የዋሱ ኃላፊነት ከፊርማ በፊት በደንብ ይነበቡ።

አሁን ወደሚመሰገነው። ሒሳቡና ፊዚክሱ ከሙያው ጋር ተያይዞ ነው የሚሰጠው። ለምሳሌ የቶርክ ሬንቹ (የማጥበቂያውን ኃይል ለክቶ የሚያጠብቀው ቁልፍ) ርዝመት 10 ኢንች፣ በቀጥታ የተጨመረበት ማራዘሚያ 2 ኢንች ከሆነና ዳዶው 120 ኢንች-ፓውንድ ከፈለገ፣ ሬንቹ የሚሞላው በ100 ነው፤ 120 ሲባዛ በ10፣ ሲካፈል ለ12። ማራዘሚያውን ረስቶ 120 የሞላ ሰው ዳዶውን በ144 ያጠብቀዋል። ቡሎኑ በዚያች ቅጽበት ላይበጠስ ይችላል፤ ግን ተለጥጦ የሚያድረው ነው የሚያስፈራው። ማራዘሚያው ከእጀታው ጋር 90 ዲግሪ ከሠራ ስሌቱ አያስፈልግም። ይህን በ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ብቻ ማስረዳት መቻላቸው ትልቅ ነገር ነው።

የቅዳሜው የሎክዋየር (ቡሎን እንዳይፈታ የሚታሰርበት ሽቦ) ልምምድም እንደዚሁ። ሽቦው ቡሎኑን ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ መጎተት አለበት፤ በተቃራኒው ከታሰረ እንዲያውም ለመፍታት ይረዳል። ጥምዙ በኢንች ከ6 እስከ 8 ነው። ሲበዛ ሽቦው ይደርቅና በንዝረት ይበጠሳል፤ ሲያንስ ይላላና እየተፋተገ ይበላል። ጫፉ ከሩብ እስከ ግማሽ ኢንች ተትቶ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ካልታጠፈ ቀጥሎ የሚሠራውን ሰው እጅ ይቆርጣል። የተፈታ ሽቦ ተመልሶ አይታሰርም። አስተማሪው የተማሪውን ሥራ ቆርጦ እንደገና ያሠራል፤ ሦስቴም ቢሆን።

የሚጎድለው ዕቃ ነው። ለመላው ክፍል ያሉት የሎክዋየር ፒንሳዎች 2 ብቻ ስለሆኑ ከሰዓት የሚገባው ፈረቃ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ያያል። የሚመዘገብ የጠዋቱን ፈረቃ ይያዝ።