መጋረጃና ትራስ ማሰራት ለምትፈልጉ፣ የኛን ዲዛይነር ልጠቁማችሁ

ሰላም ቤተሰብ፣ ባህር ዳር የከፈትናትን ትንሽዬ ገስት ሃውስ ፎቶ ያያችሁ ሁሉ "መጋረጃውን ማን ሰራላችሁ" እያላችሁ ኢንቦክሴን ስለሞላችሁት እዚሁ ባንዴ ልመልስ፣ አዲስ አበባ ያለች ዲዛይነር ናት፣ እግዜር ይስጣትና ከጠበቅነው በላይ ነው የሰራችልን።

ልጅቷ ካታሎግ ዘርግታ ምረጡ አትልም። መጀመሪያ ክፍሎቹን በቪዲዮ ኮል አሳዩኝ አለች፣ ፀሐይ በየትኛው መስኮት በስንት ሰዓት እንደሚገባ ሁሉ ጠየቀች፣ ከዛ ነው መሳል የጀመረችው። ለመጋረጃው የጣናን ደንገል ሳለችና፣ ቀጭን ዘንጉንም አናቱ ላይ ያለውን ጸጉር መሳዩንም፣ ጥጥ ላይ በስክሪን ፕሪንት፣ ማለትም ቀለሙ በወንፊት መሳይ ጨርቅ እያለፈ በሚታተምበት ዘዴ፣ አሳተመችው። ሌላ ቦታ ስጠይቅ በሰብሊሜሽን፣ ቀለሙን በሙቀት ጨርቁ ላይ በሚያስይዘው ህትመት፣ ቶሎ እናደርስልሃለን ብለውኝ ነበር፣ እሷ ግን "እሱ ፖሊስተር ላይ ነው የሚይዘው፣ ጥጥ ላይ ሲታጠብ ይሄዳል" ብላ አስረዳችኝ። ፀሐይ በሚመታው በኩል ደግሞ ቀለሙ ቶሎ እንዳይበላ ገበር አስገባችበት።

ጥልፉ ትራሶቹና አልጋ ልብሱ ላይ ነው፣ ከብራና መጻሕፍት ሐረግ፣ ገጹን ከሚያስጌጠው የተጠላለፈ ሥዕል፣ የተነሳ ንድፍ። ወንድሜ ትራሱ መሀል መስቀል ይግባበት ሲላት "ሰው ጀርባውን የሚያስደግፍበት ላይ? እሱስ ይቅርብኝ" አለችው፣ እማዬ እዛው ላይ ነው የወደደቻት ሃሃ። መሀሉን ባዶ ነው የተወችው፣ ጥልፍ የበዛበት ትራስ ጉንጭ ይቧጭራል አለች፣ እውነቷን ነው።

እኔን የገረመኝ ግን አልጋ ልብሱ ነው። ሽሮ ሜዳ ያሉ ሸማኔዎች ጋ ነው ያሰራችው፣ መቼም የሸማኔ ጨርቅ ጠባብ ነው ለትልቅ አልጋ መጋጠሙ አይቀርም፣ እሷ የጥልፉን መስመር ልክ መጋጠሚያው ላይ አስኬደችው፣ በእጃችሁ ካልዳሰሳችሁት ስፌት እንዳለው አታውቁም። ጥጥ ይሰበሰባል ብላም ሳትቆርጠው በፊት አጥባዋለች። ቀዩን የጥልፍ ክር ራሱ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አሽታ ስታየው ለቀቀ፣ ሌላ ክር ፈልጋ ቀየረችው፣ ይሄን ማን ያደርጋል በናታችሁ።

እንግዲህ እውነቱን ለመናገር ዋጋዋ ርካሽ አይደለም፣ ቀብድም ትቀበላለች፣ ቀጠሮውም ትንሽ አልፎብናል ምክንያቱም የጥልፍ ማሽኑ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ግን ቀድማ ደውላ ትናገራለች፣ ብር ተቀብሎ ስልክ የሚያጠፋውን ስንቱን አይተን የለ።

ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፣ ኢንቦክስ ላደረገኝ ሁሉ አገናኛለሁ። ስትደውሉላት የመስኮታችሁን ልክ ከነከፍታው ያዙ፣ የሶፋውንና የግድግዳውን ፎቶ በቀን ብርሃን አንሱት፣ ማታ በአምፖል ያነሳችሁትን ከላካችሁላት ድገሙት ነው የምትላችሁ።