ላምበረት – ሸዋ ሮቢት፦ በሚኒባስ ወረድኩ፣ በአውቶቡስ ተመለስኩ

መጀመሪያ ውጤቱን ልንገራችሁ። ሚኒባሱ ከ5 ኮከብ 1፣ አውቶቡሱ 4። ለሚኒባሱ የሰጠኋት አንዷ ኮከብ የመኪናው አይደለችም፣ የረዳቱ ነች፤ እሷን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። የባለንብረቱንም ሆነ የማኅበሩን ስም አልጠራም። ስም ብጠራ ችግሩ የእነሱ ብቻ ይመስላል። ያቺን የምትመስል መኪና ግን በዚያ መንገድ በየሰዓቱ ትወርዳለች።

ለፋሲካ ነው የሄድኩት፣ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት። ከሥራ ፈቃድ አገኘሁና ሻንጣዬን ይዤ አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ደረስኩ። የመናኸሪያው ሰልፍ አይነሳ! የሰሜን ሸዋ ሰው ያውቀዋል፣ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ስለሚሰነብት ክፍት ነው በተባለ ቀን አገር ሁሉ ይነቀላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ከዚያ ተስፋ ቆረጥኩና ወደ ውጭ ወጣሁ። "ሮቢት! ሮቢት! አንድ ሰው የቀረው!" ይላል አንዱ። "አንድ ሰው የቀረው" የሚባለው ምን ማለት እንደሆነ እያወቅኩ ገባሁ። ወንበር የለም። ረዳቱ ከኋላ ወንበር ሥር አንዲት ዱካ ጎትቶ አወጣና መተላለፊያው ላይ አስቀመጠልኝ። "ደብረ ብርሃን ሰው ይወርዳል፣ ወንበር ትይዛለህ ወንድሜ" አለኝ። ሂሳቡ ግን የወንበር ነው፣ ያውም የበዓል። ትኬት የለም። ከፈልኩ።

ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ተነሳን። ቆጠርኩ፣ ከሕፃናቱ ጋር 19 ነን። ከኋላ ወንበሮች አንዱም ቀበቶ የለውም፣ ቀበቶው የነበረበት ቦታ ተቆርጦ ጫፉ ብቻ ቀርቷል። ጋቢና ሁለት ሰው አለ፣ ቀበቶው አንድ ነው፣ እሱንም ያሰረው የለም። ሹፌሩ የራሱን ቀበቶ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎታል፣ አልቆለፈውም። ለትራፊክ ፖሊስ ዓይን ነው እንጂ ለደረቱ አይደለም። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ሲያስር በአደጋ የመሞት ዕድሉ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ዓመት በዓመት የሚደጋግመው ነገር ነው። የፍጥነት መለኪያውን ለማየት አንገቴን አሰገግኩ። ቀስቱ ዜሮ ላይ ተኝቷል፣ እኛ እየበረርን ነው።

ሰንዳፋ ልንደርስ ስንል ከፊት የመጣ አይሱዙ መብራት ብልጭ አደረገ። ረዳቱ ዘወር አለና "ትርፎች፣ ጎንበስ በሉልኝ" አለ። ሦስት ነበርን ትርፎች። ሦስታችንም ጎንበስ አልን። ፊቴ የአንዲት እናት ዘንቢል ውስጥ ካለ ዶሮ ጋር ተፋጠጠ። ዶሮው ቀይ ነው፣ የቀረው ዕድሜ ሁለት ቀን ነው፣ እኔን የሚያየኝ ግን በሐዘኔታ ነበር። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ትራፊኩ ወደ ውስጥ ሳያይ አሳለፈን። አሁን ሳስበው ያ ሰውዬ እዚያ ፀሐይ ላይ የቆመው ለእኔ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከእሱ ተደበቅኩ።

ከሸኖ እስከ ጫጫ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሹፌር ደግሞ ሜዳ ሲያይ እግሩ ይከብዳል። የበግ መንጋ፣ ጋሪ፣ ከገበያ የሚመለስ አህያ፣ ጎማ ቀይሮ የሄደ ሰው አስፋልት ላይ ትቶት የሄደው ድንጋይ። ይሄ የድንጋይ ነገር ያንገበግበኛል። ከባድ መኪና ሲበላሽ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር ትልልቅ ድንጋይ ይደረጋል፣ ጥሩ። ሲጠገን ግን መኪናው ይሄዳል፣ ድንጋዩ እዚያው ያድራል። ሌሊት ላይ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል የያዘ ሰው ምን ያድርገው? ሰፋ ያለ ድንጋይ አለፍን፣ ሹፌሩ መሪውን ጠምዝዞ፣ እኔ ከነዱካዬ ወደ ግራ ሄጄ ተመለስኩ። ባለ ዶሮዋ እናት "ልጄ፣ እባክህ ቀስ በልልን" አሉት። "እማማ አይዞዎት፣ መንገዱን እንደ ቤቴ ነው የማውቀው" አላቸው።

ደብረ ብርሃን የወረደ ሰው የለም። ሁለት ተጨመሩ።

አሁን ዋናው ቦታ መጣ። ለማያውቀው ሰው፦ ጉዶ በረትን አልፋችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ናችሁ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የፈለፈለው ዋሻ አለ፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ውስጡ ጨለማ ነው። ከዋሻው ስትወጡ መንገዱ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ወደ አርማንያ፣ ከዚያ ወደ ሮቢት እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከጋቢ ወደ ካናቴራ ትወርዳላችሁ ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ቁልቁለት የሚያዘው በፍሬን ብቻ አይደለም፣ በማርሽ ነው። የድሮ ሹፌሮች "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" የሚሉት ለዚህ ነው። ፍሬን ተረግጦ ሲቆይ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ መንከስ ያቆማል፤ የፍሬን ዘይቱም ከፈላ ፔዳሉ ስፖንጅ ይሆናል። ሹፌሩ ያኔ ነው "ፍሬን እምቢ አለኝ" የሚለው። ፍሬኑ እምቢ አላለም፣ ሲለምነው ቆይቶ ነው።

የኛው ሰውዬ ምን አደረገ መሰላችሁ? ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን አውጥቶ፣ ፎሌ አድርጎ ለቀቃት። እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ግን ዱካ ላይ የተቀመጠ ሰው የማርሹን ዘንግ በቅርብ ያያል። ሞተሩ ዝም አለ፣ የንፋሱ ድምፅ ብቻ ቀረ። ጉም ነበር፣ እንደ ወትሮው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ ወደ መስኮቱ ሮጡ፣ እሱ አልቆመም። የሚያቃጥል ሽታ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ የጎማ የሚመስል፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ። ከኋላ አንዱ "የምን ሽታ ነው?" አለ። "የውጭ ነው" አለ ረዳቱ። እኔም የውጭ ይሆናል አልኩ፣ በልቤ። ተናገር ብትሉኝ መናገር እችል ነበር። ከዚያ ይልቅ ሰዓቴን አየሁ፣ ሳይመሽ እንገባለን ብዬ።

ከአርማንያ በላይ አንድ መታጠፊያ ላይ የተበላሸ አይሱዙ ቆሟል። ምልክቱ ሁለት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ድንጋይ ነው፣ ያውም ከኩርባው በኋላ። ሹፌሩ ረገጠ። አልያዘም። እንደገና ረገጠ። ከዚያ መሪውን ወደ ተራራው በኩል ሰበረውና መኪናዋን ቦይ ውስጥ ከተታት። ይሄን ላመስግነው፣ በሌላኛው በኩል ገደል ነበር፣ ያንን ቢመርጥ ይሄን የሚጽፍላችሁ ሰው የለም።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ የነበረ ሰው ድንገት ሲጋጭ ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ወድቆ መሬት እንደመታ ነው፣ ሦስት ፎቅ በሉት። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ሁለተኛ ደረጃ ተምረነዋል። እኔ ግን የገባኝ በትከሻዬ ነው። ያቺ ዱካ ከወለሉ ጋር አልታሰረችም፣ እኔም ከዱካዋ ጋር አልታሰርኩም። በጋቢናው ወንበር ጀርባ ላይ አረፍኩ። ከኋላዬ ደግሞ ባለ 20 ሊትር የዘይት ጄሪካን ተከተለኝ። ከአንገት ወደ ትከሻ የምትሄደዋ አጥንት ቀጭ ስትል ሰማኋት፣ ወዲያው አላመመኝም፣ ድምጿ ነው ያስደነገጠኝ። የአንድ ልጅ ግንባር ተተረተረ። የባለ ዶሮዋ እናት አንጓ ተሰበረ። የሞተ ሰው የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዶሮው አመለጠ።

የአካባቢው ገበሬዎች ሮጠው መጡ፣ ደግ ሰዎች ናቸው። ግን ሰው ሲያወጡ እጅ ይዘው ነው የሚጎትቱት፣ እንደ ጆንያ። አንዱ የተሰበረውን እጄን ሊስብ ሲል ረዳቱ፣ ያ "የውጭ ነው" ያለኝ ልጅ፣ "አትጎትቱት! አትጎትቱት!" እያለ መሃላችን ገባ። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ከአንገቱ ላይ ፎጣውን ፈታና ክንዴን ደረቴ ላይ አድርጎ አሰረልኝ፣ አንገቱን የሚያመውን ሰውዬ ደግሞ ማንም እንዳይነካው ከአጠገቡ ቆሞ ጠበቀ። ማን እንዳስተማረው እንጃ። ሆስፒታል ስደርስ ራጅ ያነሳኝ ባለሙያ "ማን አሰረልህ? ጥሩ አስሯል" አለኝ። ኮከቧ የዚህ ልጅ ናት።

ሕክምናውን ባጭሩ ልለፈው። አጎቴ ወጌሻ ካልጠራሁ ብሎ ነበር፣ ሐኪሙ የተሰበረ አጥንት አይታሽም ብሎ ከለከለ፣ ስድስት ሳምንት ክንዴን አንጠልጥዬ ሰነበትኩ። የከፈልኩት ከኪሴ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ፣ ቁጥር 799፣ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና እንዲያገኝ እንደሚል ያወቅኩት ከወር በኋላ ነው፤ ሲወጣ ጣሪያው 2,000 ብር ነበር። በዚህ ምን ይታከማል አትበሉኝ፣ መብት ነው፣ የአሁኑን ጣሪያም ጠይቁ።

ባለንብረቱ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ "ትኬትህን ላክ" አለኝ። ትኬት አልሰጣችሁኝም አልኩት። "እንግዲያው መኪናችን ላይ ለመኖርህ ምን ማስረጃ አለህ?" ዱካ ላይ ነበርኩ ስለው ትንሽ ዝም አለና "እኛ ዱካ መቼ ሸጥን?" ብሎ ዘጋው። እውነቱን ነው። የሸጠልኝ ወንበር ነበር።

ወደ አዲስ አበባ የተመለስኩት በትልቅ አውቶቡስ ነው፣ ከመናኸሪያ፣ ትኬት ቆርጬ፣ የወንበር ቁጥር ይዤ። ሻንጣና ጄሪካን ሆድ ዕቃ ውስጥ ገባ፣ መተላለፊያው ባዶ ነው። ባዶ መተላለፊያ አይቼ ደስ ይለኛል ብዬ አላስብም ነበር። የቀበቶዬ መቆለፊያ ውስጥ አንዱ ማስቲካ ጠቅጥቆበታል፣ ረዳቱ በእስክሪብቶ ጎርጉሮ አወጣልኝ። ከመነሳታችን በፊት ሹፌሩ፣ ሽበት የጀመራቸው ጋሼ ናቸው፣ በአጭር ዱላ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየመቱ ዞሩ። ደብረ ሲና ላይ ሲያቆሙ ቆሎ ገዛን፣ እሳቸው ደግሞ እንደገና ዞሩ።

ከደብረ ሲና በላይ ዳገቱ ላይ አንድ ሲኖትራክ ፊታችን ገባ። እያቃሰተ ይወጣል። ጋሼ ተከተሉት። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ "ልቀቀው እንጂ ሹፌር! ማታ ልታስገባን ነው?" አለ። ሌሎችም አጉረመረሙ። ድምፁን አወቅኩት፣ የእኔ ድምፅ ነው፣ የዛሬ ዓመት የእኔ። ጋሼ ወደ ኋላም አላዩ። "ኩርባውን ካየህልኝ ና ንዳው" ብቻ አሉ። አንድ ሚኒባስ በጎናችን ጥሩምባ እየነፋ ኩርባው ላይ ቀደመን። እናቶች አማተቡ። ዋሻው በር ላይ ጉም ነበር፣ መብራት አብርተው፣ ጥሩምባ ነፍተው፣ በእግር ፍጥነት አሻገሩን። አርባ ደቂቃ ዘግይተን ገባን።

አንዷን ኮከብ ለምን ቀነስኩ? ሸኖ አካባቢ ጋሼ ስልክ አነሱ፣ ሁለት ጊዜ። ጎማ በዱላ የሚመታ ሰው በአንድ እጅ ሲነዳ ማየት ያናድዳል። ሌላው፣ መስኮት አይከፈትም፣ ንፋስ ይመታናል ተብሎ ስልሳ ሰው በአንድ ትንፋሽ ነው የሚጓዘው፣ ይሄ ግን የሹፌሩ ጥፋት አይደለም፣ የኛው ነው።

ባለፈው ሳምንት ላምበረት ሄጄ ነበር፣ ያንን ፎጣ ልመልስ። ታጥቦ ተተኩሶ በፌስታል ይዤዋለሁ። ልጁን አገኘሁት፣ ሌላ መኪና ላይ ነው አሁን። "ወንድሜ! ትከሻህስ?" አለኝና በደህናው ትከሻዬ ሳመኝ። ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አደረገ። ትንሽ አወራን፣ ያ ሹፌር ሥራ ለውጧል አለኝ። መሃል ላይ ሰው ሲያይ ዘወር አለና "ሮቢት! ሮቢት! አንድ ሰው የቀረው!" አለ። በበሩ አጎንብሼ አየሁ። ዱካዋ ከኋላ ወንበር ሥር አለች።